መቃ፣ ሙጫና ጥላሸት፦ የእጅ ሥራ ብዕር በእስልምና ታሪክ

ለሰው ልጅ ዕውቀትን ለለገሰው አላህ ምስጋና ይድረሰው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናነሳው ሁላችንም በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን፣ ግን ከየት መጣ ብለን እምብዛም ጠይቀን የማናውቀውን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ብዕርን።

በአሁኑ ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች ብዕርን በእጅ መሥራት ለብዙ አናጢዎች ሙያም መዝናኛም ሆኗል። ከበርና ከጠረጴዛ ሥራ ተርፎ ለማገዶ ሊጣል የደረሰ ቁራጭ እንጨት ይወስዳሉ። መሐሉን በመሰርሰሪያ ይበሱትና ቀጭን የነሐስ ቱቦ በማጣበቂያ ይከቱበታል። ከዚያም ቶርኖ ላይ አስረው እያሽከረከሩ በመሮ ይቀርጹታል። እንጨቱ የተሰነጠቀ ወይም ብል የበላው ከሆነ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ያፈሱበታል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ይጠነክርና ስንጥቁን ይሞላዋል። ሬዚን የሚለው ቃል መጀመሪያ ከዛፍ ለሚንጠባጠብ ሙጫ የተሰጠ ስም ሲሆን የዛሬው ግን በፋብሪካ የሚቀመም ነው። በመጨረሻም ሊቃጠል ከነበረው ቁራጭ ያማረ ብዕር ይወጣል።

ይህን ያየ ሰው «ከሚጣል እንጨት ብዕር ተሠራ!» ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ተርታ ከሆነ ነገር ብዕር መሥራት፣ የዛፍ ሙጫንም ከጽሑፍ ጋር ማዋሃድ ለእኛ ዑለሞች የዘወትር ሥራቸው ነበር። ታላላቆቹ ኪታቦች የተጻፉት ከወንዝ ዳር በተቆረጠ መቃ፣ ከመብራት በተሰበሰበ ጥላሸትና ከግራር በተለቀመ ሙጫ ነው። እነሆ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን ይህንን ታሪክ እንከተላለን። ብዕር የሚከበረው ከምን በመሠራቱ ነው ወይስ ምን በመጻፉ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። መልሱ ዛሬ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያለውን አደራ ይነካል።

ወሕይና ብዕር

እ.ኤ.አ. በ610 ገደማ በሒራ ዋሻ የመጀመሪያው ወሕይ ሲወርድ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ውስጥ ሁለት ነገሮች ተያይዘው ተወሱ። አንዱ ማንበብ ነው፤ ሌላው አላህ በብዕር ማስተማሩ ነው። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱም በብዕር ስም ተሰይሟል፤ ሱረቱል ቀለም ይባላል፤ አላህም በመክፈቻው በብዕር ምሏል። በሱረቱ ሉቅማንም የምድር ዛፎች ሁሉ ብዕር ቢሆኑ፣ ባሕሮችም ቀለም ቢሆኑ የአላህ ቃላት እንደማያልቁ የሚገልጽ መልእክት እናገኛለን። ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ጥቂት ሰዎች ብቻ በነበሩባት መካ ውስጥ ብዕር ይህን ያህል መወሳቱ ሊያስተነትን ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ቁርኣን በወረደበት ዘመን በምን ላይ ይጻፍ ነበር? ወረቀት በዚያ አገር አይታወቅም ነበር። የወሕይ ጸሐፊዎች የጻፉት በተላጠ የቴምር ዝንጣፊ፣ በስስ ነጭ ድንጋይ፣ በቁራጭ ቆዳና በግመል የትከሻ አጥንት ላይ ነው። ሥጋው ተበልቶ የተጣለ አጥንት የአላህን ቃል ለመሸከም በቃ! በ12ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ በየማማ ጦርነት ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች ሸሂድ ከሆኑ በኋላ፣ ኸሊፋው አቡበከር (ረ.ዐ.) በዑመር (ረ.ዐ.) ምክር ቁርኣንን የመሰብሰቡን ሥራ ለወጣቱ ጸሐፊ ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) ሰጡ። ዘይድም ተራራ ከቦታው አንሳ ከመባል ይልቅ ይህ ኃላፊነት እንደከበዳቸው ተናግረዋል። እነዚያን አጥንቶች፣ ዝንጣፊዎችና ቆዳዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ በሰዎች ልብ ከተያዘው ጋር እያመሳከሩ ሰበሰቡ። የተሰበሰበውም ጽሑፍ ከጊዜ በኋላ በእናታችን በሐፍሷ (ረ.ዐ.) ዘንድ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ650 ገደማ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፉን ሲያስባዙ መነሻ የሆናቸው ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። የመጀመሪያው፣ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ጦርነት ከተማረኩት የመካ ሰዎች መካከል ለነፃነታቸው የሚከፍሉት ያልነበራቸውና መጻፍ የሚችሉት ለመዲና ልጆች ጽሕፈት በማስተማር እንዲለቀቁ መደረጉ ተዘግቧል። ሁለተኛው፣ ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ያስተማሯቸው ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) የተባሉ ሴት ሶሓቢያ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ብዕር በእስልምና መጀመሪያ ላይ ከምርኮኛም የተወሰደ፣ በሴትም እጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው። የአንድ ወገን ንብረት ሆኖ አያውቅም።

መቃው እንዴት ብዕር ይሆናል?

በዚያ ዘመን ብዕር ሲባል መቃ ነበር። ጥሩ መቃ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ይገኛል፤ በኢራቅና በኢራን ረግረጋማ ቦታዎች የሚበቅለው በተለይ ይፈለግ ነበር። ይሁን እንጂ መቃው እንደተቆረጠ ወዲያው አይጻፍበትም። መድረቅና መጠንከር አለበት። የዑስማኒያ ቱርክ የጽሕፈት ሊቃውንት መቃውን በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ቀብረው ለረጅም ጊዜ ያቆዩት ነበር። ከፋንድያው ሙቀት የተነሣ መቃው ቀስ በቀስ ይደርቅና ቡናማ መልክ ይዞ፣ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። የቁርኣን ጽሕፈት የሚጻፍበት መሣሪያ በጋጣ ጉድፍ ውስጥ ይበስል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀረጻው ይመጣል። ጸሐፊው ስለታም ካራ ይዞ የመቃውን ጫፍ በሰያፍ ይጠርበዋል። ጎንና ጎኑን እየቀነሰ አፉን ያሾለዋል። ቀጥሎ አፉን መሐል ለመሐል በቀጭኑ ይሰነጥቀዋል፤ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ የሚወርደው በዚህ ስንጥቅ ነው። በመጨረሻም ሚቀጧ በሚባል ትንሽ የአጥንት ወይም የዝሆን ጥርስ ቁራጭ ላይ አስደግፎ ጫፉን በአንድ ምት ይቆርጠዋል። የፊደሉ ውፍረትና ቅጥነት የሚወሰነው በዚህ የመጨረሻ ቁርጥ ስፋትና ሰያፍነት ነው። መቃው ሲደንዝ እንደገና ይጠረባል፤ እያጠረ እያጠረም ይሄዳል። ለዚህ ነው በየጸሐፊው እግር ሥር ፍቅፋቂ የማይጠፋው። ይህን ፍቅፋቂ በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በባግዳድ የኖሩት ኢብን ሙቅላ (በ940 የሞቱ) ይህን የመቃ አፍ የፊደል ሁሉ መለኪያ አደረጉት። ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲጫን የሚተወውን ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ ወሰዱና የአሊፍን ቁመት በነጥብ ቆጠሩ፤ የሌሎቹንም ፊደላት ልክ ከአሊፍ አወጡ። ስለዚህ ብዕሩ ሰፊም ይሁን ጠባብ የፊደላቱ ሚዛን አይፋለስም። ኢብን ሙቅላ በዐባሲያ መንግሥት ሦስት ጊዜ ሚኒስትር ሆነው ነበር። በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ታስረው ቀኝ እጃቸው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላም መቃውን በተቆረጠው ክንዳቸው ላይ አስረው ይጽፉ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ሕይወታቸውም በእስር ቤት አለፈ። ሚኒስትርነታቸውን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ነጥባቸው ግን የዐረብኛ ጽሕፈት በሚማር ተማሪ ሁሉ ደብተር ላይ አለ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ኢብኑል በዋብ (በ1022 የሞቱ) ደግሞ ስማቸው ራሱ «የበረኛው ልጅ» ማለት ነው። ከትልቅ ቤት አልተወለዱም። እኒህ የበረኛ ልጅ በ391 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1000 ወይም በ1001፣ በባግዳድ የጻፉት ሙስሐፍ እስከ ዛሬ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መቃው ከሺህ ዓመት በፊት ፍቅፋቂ ሆኖ አልቋል፤ ጽሑፉ ግን ዛሬም ይነበባል።

ጥላሸትና ሙጫ

ብዕር ያለ ቀለም ዱላ ነው። የጥንቱ ጥቁር ቀለም ደግሞ ሁለት ዋና ነገሮች አሉት፤ ጥላሸትና ሙጫ። ጥላሸት ብቻውን ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ይንሳፈፋል፣ ይቋጠራል፣ ቢጽፉበትም ደርቆ ይራገፋል። የግራር ሙጫ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ግን እያንዳንዱን የጥላሸት ብናኝ ሸፍኖ ይይዘዋል። ብናኙ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ውኃው ውስጥ ተበትኖ ይቆያል፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍም ሙጫው ያጣብቀዋል። ለዚህም ሲባል ቀለሙ ለረጅም ሰዓት ይታሽ፣ ይወቀጥ ነበር።

ጥላሸቱ ከየት ይመጣ ነበር? በኢስታንቡል የሚገኘው የሱለይማኒያ መስጊድ ጥሩ ምሳሌ ነው። መስጊዱን ከ1550 እስከ 1557 ያነጸው ታላቁ መሐንዲስ ሲናን ነው። በዚያ መስጊድ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ብዙ የዘይት ፋኖሶች ይበሩ ነበር። ሲናን የነፋሱን አቅጣጫ አስልቶ፣ ጢሱ ጣሪያና ግድግዳ ከማጥቆር ይልቅ ከዋናው በር በላይ ወደ ተሠራች ክፍል እንዲሳብ አደረገ። በዚያች ክፍል የተከማቸው ጥላሸት እየተጠረገ ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆን ነበር። ምእመናን የሚሰግዱበት መብራት ጢሱ እንኳ አልባከነም፤ ተመልሶ የቁርኣን ፊደል ሆነ።

ሌላም ዓይነት ቀለም ነበር። በዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭና ከብረት ጨው ይሠራል፤ እርሱም ሙጫ ይጨመርበታል። ይህኛው ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ በውኃ በቀላሉ አይለቅም፤ ነገር ግን ዘመን ሲቆጠር ወረቀቱን ሊበላው ይችላል። የጥላሸቱ ቀለም ደግሞ ወረቀቱን አይጎዳም፤ ግን በውኃ ይታጠባል። አድማጮቻችን ይህችን ልዩነት ያስታውሷት፤ ለቤታችን ኪታቦች ወሳኝ ናት።

ቀለም የማያፈስ ብዕር

መቃን በየጊዜው ቀለም ውስጥ መንከር አሰልቺ ነው፤ እጅና ልብስም ያበላሻል። ከ953 እስከ 975 የገዛው የፋጢሚዮች ገዢ አል-ሙዒዝ ይህን ችግር አንሥቶ ባለሙያዎቹን ቀለሙን በውስጡ የሚይዝ፣ ሲጻፍበት ብቻ የሚያወርድ፣ ቢገለብጡት የማያፈስ ብዕር እንዲሠሩለት ጠየቀ። ተሠርቶም እንደቀረበለት የዘመኑ ቃዲ አል-ኑዕማን ጽፈዋል። ያ ብዕር ግን ለሕዝብ አልተባዛም፤ አሠራሩም ለትውልድ አልተላለፈም።

ተመሳሳዩ ሐሳብ በአውሮፓና በአሜሪካ የተመለሰው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሩማንያዊው ፔትራኬ ፖኤናሩ በ1827 በፈረንሳይ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በ1884 በአገሩ ቀለም በውስጡ ለሚይዝ ብዕር የፈጠራ መብት አገኙ። በ1938 ደግሞ የሃንጋሪው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ የምትሽከረከርበትን እስክሪብቶ አስመዘገበ። ዛሬ እስክሪብቶ ርካሽ ነው፤ ቀለሙ ሲያልቅ ይጣላል። መጻፍ ቀለለ፤ ይህ የአላህ ጸጋ ነው። ግን መጻፍ ስለቀለለ የምንጽፈው ከበደ ወይ? ይህንን እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልስ።

ፍቅፋቂው

አሁን ወደ ፍቅፋቂው እንመለስ። በ597 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1201) በባግዳድ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ (ረሒመሁላህ) በብዙ የዕውቀት ዘርፎች የጻፉ ሰው ናቸው። የሕይወት ታሪክ መዝጋቢው ኢብን ኸሊካን እንደዘገቡት፣ ኢብኑል ጀውዚ ሐዲስ የጻፉባቸውን መቃዎች በሚጠርቡ ጊዜ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ አይጥሉትም ነበር። ለቅመው ያስቀምጡታል። ዓመታት አለፉ፤ ፍቅፋቂው ተጠራቅሞ ብዙ ሆነ። ሲሞቱም የሚታጠቡበት ውኃ በዚያ ፍቅፋቂ እንዲሞቅ ተናዘዙ። እንደ ኑዛዜያቸውም ተደረገ፤ ፍቅፋቂው ውኃውን አሙቆ ተረፈ ይባላል።

እስቲ ይህን አስቡት። ዛሬ አንድ ሰው የጻፈባቸው እስክሪብቶዎች ባዶ ቀፎ ቢሰበሰብ ስንት ይሆናል? የእኒያ ዓሊም ግን ከአንድ መቃ በአንድ ጠረባ የምትወድቀው ጥፍር የምታህል ስንጣሪ ናት። ከእርሷ የጀናዛ ውኃ የሚያሞቅ ማገዶ እስኪወጣ ድረስ ስንት ጊዜ ተጠርቦ፣ ስንት ገጽ ተጽፎ ይሆን? ዓሊሙ በፍቅፋቂው ሊኮሩበት አልፈለጉም። ከዚህ ዓለም ሲሰናበቱ በሕይወታቸው የደከሙበት ነገር ምስክር ሆኖ እንዲሸኛቸው ነው የፈለጉት። ለጥያቄያችን ከዚህ የበለጠ መልስ አናገኝም። መቃው በገበያ ዋጋ የለውም፤ ፍቅፋቂው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ያከበረው የጻፈው ሐዲስ ነው።

በአገራችንስ?

የአገራችን ቋንቋዎችም የመቃውን ታሪክ በውስጣቸው ይዘውታል። ብዕር የሚለው ቃላችን ከግዕዙ ብርዕ የመጣ ሲሆን፣ ብርዕ መቃም ብዕርም ማለት ነው። በዐረብኛ ቀለም ማለት ብዕር ነው፤ በአማርኛ ግን ቀለም የምንለው ብዕሩ የሚነከርበትን ነው። «የቀለም ትምህርት» ስንል ደግሞ ዕውቀትን ማለታችን ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ብራና ሲጽፉ የኖሩት ጸሐፊዎችም በመቃ ብዕር ነው የጻፉት። የሙስሊሙ ሸኽና የደብሩ ጸሐፊ ሃይማኖታቸው ቢለያይም መቃ የሚቆርጡት ከአንድ ወንዝ ዳር ነበር።

በገጠር የቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ለውሑን አይረሳም። ለውሕ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ነው። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ ቀለም ይሆናል፤ መቃ ተቀርጾ ብዕር ይሆናል። ሸኹ ይጽፉለታል፤ ልጁ ይቀራል። ሲሸመድደው ለውሑ በውኃ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍበታል። ቀለሙ በጥላሸትና በሙጫ የተሠራ ስለሆነ ነው መታጠብ የቻለው። ወረቀት ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ቁራጭ እንጨት ለስንት ልጅ መላውን ቁርኣን አስተምሯል!

ከለውሑ ያለፉት ደረሶች ደግሞ ኪታብ ገለበጡ። በሐረር ይህ ሥራ ትልቅ ሙያ ነበር። ብዙዎቹ የሐረር ኪታቦች የተጻፉት በቀይ ባሕር በኩል በመጣ የአውሮፓ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት በውስጡ የሦስት ጨረቃ ምልክት የሚታይበት የጣልያን ወረቀት በብዛት ይገኛል። በ1855 ሐረርን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ሕዝቡ ብዙ ክፉ ቃል የጻፈ ሰው ቢሆንም፣ የመጽሐፍ ጥራዛቸውን ጥንካሬና ውበት ግን ማድነቁ አልቀረም። ሐረሮች ዐረብኛ ብቻ አልጻፉም፤ በገዛ ቋንቋቸውም በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። በጥንታዊ ሐረሪ የተጻፈው ኪታቡል ፈራኢድ ለዚህ ምስክር ነው።

በወሎም እንዲሁ ነው። በጀማ ንጉሥና በሌሎች የዕውቀት ማዕከላት የተማሩ መሻይኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጻፉ፤ ይህ ጽሕፈት ዐጀሚ ይባላል። በዐረብኛ ለማይገኙ የአማርኛ ድምፆች በፊደሉ ላይ ነጥብ እየጨመሩ መላ ፈጠሩ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በሙስሊሙ ላይ የደረሰውን መከራ የተቃወሙት ሸኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር በዐጀሚ አማርኛ ከጻፉት ዑለሞች አንዱ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ዲኑን በሚሰማው ቋንቋ እንዲያገኝ ብለው ነው የደከሙት።

እንግዲህ «የኢትዮጵያ ሙስሊም በቃል እንጂ በጽሑፍ ታሪክ የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ምን እንመልስ? ጽሑፉ አለ። የተጻፈው ግን ጌጥ በሌለው መቃ፣ በምጣድ ጥላሸት ስለሆነ፣ የተቀመጠውም በየሰው ቤት ስለሆነ ያየው ጥቂት ነው። አንዳንዴም ያላየነው እኛው ባለቤቶቹ ነን።

አደራው

በየቤቱ ያለው ኪታብ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? አንዳንዱ ከጣሪያ ሥር በቆዳ ከረጢት ተንጠልጥሎ ጢስ ይጠጣል። አንዳንዱን ምስጥ በልቶታል። አንዳንዱ አያት ሲሞቱ «ማንም አያነበውም» ተብሎ ለነጋዴ ተሽጦ ከአገር ወጥቷል። ዐጀሚ አንባቢ ሽማግሌዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ኪታቡ ኖሮ አንባቢው ከጠፋ ግማሽ ሞት ነው፤ ኪታቡም ከጠፋ ሙሉ ሞት ነው።

ተስፋ የሚሰጥም ሥራ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል። በሐረርም በአንድ የከተማው ተወላጅ የግል ጥረት በ1998 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ቤታቸው የተጀመረው የሸሪፍ ሙዚየም ከጊዜ በኋላ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ተዛውሮ በርካታ ጥንታዊ ኪታቦችን ጠብቋል፤ የተጎዱትንም የሐረርን የጥራዝ ሙያ በማንሣት ጠግኗል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ጥንታዊ ጽሑፎችን ከቅርስ ቆጥሮ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ደንግጓል። ይሁንና ሕግም ሙዚየምም የእኛን ሣጥን ከፍተው አይገቡም። የሣጥኑ ቁልፍ በእጃችን ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ የአያት ኪታብ ያላችሁ ሁሉ እነዚህን ጥቂት ነገሮች አድርጉ እንላለን። አንደኛ፣ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ለውሑን የሚያጥበው ውኃ የአያትህንም ጽሑፍ ያጥበዋልና። ጣሪያው ከሚያፈስበት ቦታም አርቁት። ሁለተኛ፣ የተቀደደውን በፕላስተር ወይም በስኮች አታጣብቁት፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ሦስተኛ፣ በፌስታል አትቋጥሩት፤ ላቡን ይዞ ይሻግታል። በንጹሕ የጥጥ ነጠላ ጠቅልላችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከምድጃ ጢስ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አራተኛ፣ በገጾቹ ዳርና በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን አትናቁ፤ የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ዓመት፣ ለማን ወቅፍ እንደሆነ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ባለ ስልክ ወጣት ደግሞ ሳይጫነው፣ ሳያጥፈው፣ በቀን ብርሃን ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሣው። አምስተኛና ዋናው፣ የሚያነብላችሁ ሽማግሌ በሕይወት እያለ ሂዱና አስነብቡ፤ ድምፁንም ቅረጹ።

በየመድረሳው የምታስተምሩ ኡስታዞችም ለልጆቻችን አንድ ቀን መቃ ቆርጣችሁ፣ ጠርባችሁ፣ ሰንጥቃችሁ አሳዩአቸው። ጥላሸት በሙጫ ለውሰው አንድ አሊፍ ይጻፉ። እጃቸው ይጥቆር ግድ የለም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ የአያቱን ኪታብ ሲያይ በውስጡ ያለውን ድካም ያያል፤ ለነጋዴ ለመስጠትም እጁ አይፈታም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሲሞት ከሥራው የማይቋረጥበት ሦስት ነገር እንደሆነ አስተምረውናል፤ ቀጣይነት ያለው ሶደቃ፣ ጥቅም የሚሰጥ ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ። በመቃ የጻፉልን መሻይኾች ሁለተኛውን ትተውልን ሄደዋል። ኪታባቸው እስከተነበበ ድረስ አጅራቸው አይቋረጥም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ምስጥ እንዲበላው ከተውነው ግን የምናቋርጠው እኛ ነን፤ ስለዚህም እንጠየቃለን።

አላህ የመሻይኾቻችንን ድካም ይቀበላቸው። የተዉልንንም አደራ የምንጠብቅ፣ አንብበንም የምንጠቀምበት ያድርገን። አሚን።